ፎርማት ሳያደርጉ የተያዘብኝን ፋይል ያስለቀቁልኝ ልጆች፣ ብሔራዊ አካባቢ

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብታችሁ ገና ችግሩን ተናግራችሁ ሳትጨርሱ "ፎርማት ይደረግ" ካሏችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ ነው የምለው። እኔ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ሶስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጠባብ ጥገና ቤት አግኝቻለሁ፣ የልጆቹ ሥራ እውነት ሊወራለት ይገባል።

አራት ኪሎ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ ነው ምሰራው። ሰኔ ላይ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ሚጎርፍበት ሰዓት ነው እንግዲህ አዲስ ፕሪንተር ገዝቼ ድራይቨሩ (ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልጫን ያለኝ። ደህና ሄዶ ሄዶ ሊያልቅ ሲል ሲስተም 32 የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ የዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ፋይል) ስም ይጠራና ፋይሉ በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ብሎ ቀጥ ይላል፣ ሪትራይ ብትሉት ያው ነው፣ ካንስል ስትሉት ደሞ የጫነውን ሁሉ መልሶ ያጠፋዋል። ሪስታርትም አልፈታውም። ቅርቤ ያለ ቤት ስወስደው ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው መፍትሄው አሉኝ። ፎርማት ማለት እኮ ለኔ ፓወር ግዕዙ፣ ፎንቱ፣ የደንበኛው ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ማለት ነው፣ ያውም በሰኔ!

ብሔራዊ ያለው ልጅ ግን ማውሱን ከመንካቱ በፊት ጠየቀኝ፣ "እህቴ፣ ከዚህ በፊት የዚሁ ብራንድ ፕሪንተር ነበረሽ? ሳይታተም የቀረ ነገርስ አለ?" አለኝ። አዎ ነበረኝ። ከዛ ሪሶርስ ሞኒተር ሚባለውን ከፍቶ ሲፒዩ የሚለው ታብ ላይ ሃንድል (የቱ ፕሮግራም የቱን ፋይል እንደያዘ) መፈለጊያው ውስጥ የፋይሉን ስም ሲጽፍ ወዲያው ማን እንደያዘው ወጣ፣ ቫይረስ አይደለም፣ የራሱ የዊንዶውስ ፕሪንት ስፑለር ነው፣ ህትመቱን ወረፋ አስይዞ ወደ ፕሪንተር የሚልከው ማለት ነው። እያሳየኝ ነው ያስረዳኝ፦ ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ያለን ዲኤልኤል በላዩ ላይ ሌላ እንዲጻፍበት አይፈቅድም፣ የድሮው ፕሪንተር ወረፋ ላይ ተቀርቅሮ የቀረ ህትመት ስላለ ስፑለሩ በተነሳ ቁጥር እሱን ልላክ ብሎ የድሮውን ድራይቨር ይጭናል፣ አዲሱ ደሞ በዛው ስም ያለውን ፋይል መተካት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሪስታርት ብታደርጊው ሁሌ ያው ነው አለኝ። በነገራችን ላይ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ በርቶ ከሆነ ሻትዳውን አድርጎ ማብራት እንደ ሪስታርት ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሰርቪስ ውስጥ ገብቶ ፕሪንት ስፑለርን ስቶፕ አደረገው፣ ከዛ ሲስተም 32 ስር ስፑል የሚለው ፎልደር ውስጥ ፕሪንተርስ የሚል ሌላ ፎልደር አለ፣ የተቀረቀረው ህትመት እዛ ነው የተቀመጠው፣ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ብቻ አጠፋና ስፑለሩን መልሶ አስነሳው። ቀጥሎ ፕሪንት ሰርቨር ፕሮፐርቲስ ላይ የድሮውን ድራይቨር ከነፓኬጁ አወጣው፣ አሁን ማንም ስላልያዘው እሺ ብሎ ወጣ። አዲሱ ድራይቨር አንዴም ሳይቆም ተጫነ፣ እዛው አንድ ገጽ አማርኛ አትሞ አሳየኝ፣ ፎንቱም እንዳለ ነው። የሲስተም ፋይል ፐርሚሽን አልነካካም፣ ከየትም የወረደ ማስለቀቂያ ፕሮግራምም አልጫነም፣ ይሄን በጣም ነው የወደድኩለት። በመጨረሻ የማይክሮሶፍት ፓወርቶይስ ጫነልኝ፣ በነጻ ነው፣ ውስጡ ፋይል ሎክስሚዝ የሚባል ስላለ ከአሁን በኋላ ማንኛውም ፋይል ተይዟል ቢለኝ ራይት ክሊክ አድርጌ ማን እንደያዘው አያለሁ ማለት ነው።

500 ብር ከፈልኩ፣ በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝም ሳልጠይቅ ሰጡኝ። የማይመቸው ቦታው ነው፣ ሊፍት የለውም፣ መቀመጫውም ሁለት ወንበር ብቻ ስለሆነ ከምሳ በኋላ ከሄዳችሁ ቆማችሁ ነው ምትጠብቁት፣ ስልክም ቶሎ አያነሱም። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ዴስክቶፕ ተሸክሞ ሶስተኛ ፎቅ ለሚወጣ ሰው ከባድ ነው። ፕሪንተሩን ራሱን፣ ማለትም ሮለር ምናምን፣ አይጠግኑም። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ የዊንዶውሱን አድሚን ፓስወርድ ያዙ፣ ስህተቱ ሲወጣ ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ መጀመሪያ ሚጠይቋችሁ የፋይሉን ስም ነው።