የንግግር ሕክምና ብቻ ወይስ ሂፕኖሲስ ተጨምሮበት?

ደሴ ላይ "የወሲብ ፍላጎቴ ጠፋ፣ ግንኙነት ያመኛል" የሚለው ነገር በአቦል አይነሳም። ሰው ሲቀንስ፣ በረካው ላይ በሹክሹክታ ነው። ከሁለቱም ምርጫ በፊት ግን የማህፀን ሐኪም ይቅደም። ኢንፌክሽን፣ የግርዛት ጠባሳ፣ ጡት ስታጠቢ የሚመጣ ድርቀት፣ የድብርት መድኃኒት፤ እነዚህ በምክር ብቻ አይለቁም።

የንግግር ሕክምናው (ሲቢቲ፣ ሐሳብንና ድርጊትን በመለወጥ ላይ የሚሠራው)፦ "ዛሬም ሊያመኝ ነው" ስትዪ ጡንቻሽ ይኮማተራል፤ መኮማተሩ ራሱ ያሳምማል። ሥራው ይህን ዙሪት መስበር ነው። የቤት ሥራ አለው። ለምሳሌ ባልና ሚስት ግንኙነቱን ለጊዜው ትተው በመዳሰስ ብቻ ይጀምራሉ። በሴቶች የወሲብ ችግር ላይ ያለው ማስረጃ ከሂፕኖሲሱ የተሻለ ነው። ችግሩ ምልልሱ ነው፤ ከገጠር ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ለምትመጣ ሴት ትራንስፖርቱ ቀላል አይደለም።

ሂፕኖሲስ ሲጨመርበት፦ እንቅልፍ አይደለም፣ ጥንቆላም አይደለም። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ሰውነትሽ ሲላላ በሲቢቲው የተማርሽውን አዲስ ሐሳብ ትለማመጃለሽ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኧርቪንግ ኪርሽና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 በተለያዩ ችግሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ጥምረቱ ከሲቢቲ ብቻው በልጦ ነበር። በሴቶች የወሲብ ጤና ላይ ግን ጥናቱ ገና ጥቂት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ማግኘትም ይከብዳል። የሌለ ነገር የማየት ወይም የመስማትና ከልክ በላይ የመጠራጠር ሕመም (ሳይኮሲስ) ላለባት አይመከርም። ደግሞ "ልብስሽን አውልቂ" የሚል ካጋጠመሽ ተነሺና ውጪ!

ባልሽ አብሮሽ ከመጣና ጭንቀቱ ሐሳብሽ ላይ ከሆነ ሲቢቲው ይበቃል። ነገሩ ገብቶሽም ሰውነትሽ አልላላ ካለ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያም ከተገኘ፣ ሂፕኖሲሱን ጨምሪበት።