የነዋሪ ሥዕል ወይስ የባለሙያ ሐውልት?

ቺካጎ፣ ሚሊኒየም ፓርክ ውስጥ የቀራጺው አኒሽ ካፑር «ክላውድ ጌት» የተባለ ሐውልት አለ። 168 የብረት ሰሌዳዎች ተገጣጥመው እ.ኤ.አ. በ2006 ያለቀ፣ መስታወት የመሰለ ሥራ ነው። ያምራል። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል።

በካሊፎርኒያ፣ የሳንዲያጎው ቺካኖ ፓርክ (ቺካኖ የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ማለት ነው) ግን ሌላ ነው። መንገድና ድልድይ ሠፈሩን ከፋፍለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ፓርክ ይሆናል ብለው ሲጠብቁት የነበረው ቦታ ላይ የፖሊስ ጣቢያ ሊሠራ መሆኑን ነዋሪዎቹ ሰሙ። ወጥተው ያዙት! መሬቱን ቆፍረው ዛፍ ተከሉ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ሠዓሊውም የሠፈሩ ሰውም አብሮ የድልድዩን ምሰሶዎች በራሱ ታሪክ ሥዕሎች ቀባ።

ለአንድ ቀን ጉብኝት ቺካጎ ይሻላል። ለሠፈራችን ፓርክ ምረጥ ብባል ግን ያለ ማንገራገር ሁለተኛውን እላለሁ። ሥዕሎቹ ሲደበዝዙ ከቀደሙት ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው ነው ያደሷቸው።