የዳታ ማከማቻዎች የሜንተር ድጋፍ ሲገመገም፦ የሚያዋጣው መቼ ነው? ለማንስ?

የኮር ትረስት ሲል ማህተም (አንድ የዳታ ማከማቻ ታማኝ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክርነት) ለማግኘት የሚዘጋጅ የምርምር ዳታ ማከማቻ ሜንተር፣ ማለትም መንገዱን የሚያውቅ አማካሪ፣ ቢይዝ ያዋጣዋል። የሚያዋጣው ግን ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ነው። የገምጋሚዎች ጥያቄ ከመጣ በኋላ የሚጠራ ሜንተር መልስ ከማሳመር ያለፈ ሥራ አይኖረውም፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ መልሱ ሳይሆን አሠራሩ ራሱ ነውና።

ማህተሙን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ኮር ትረስት ሲል በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመቶች፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው ሁለት ቀደምት ማረጋገጫዎች ተዋህደው ነው። አንዱ ዳንስ (DANS) በተባለው የኔዘርላንድስ የምርምር ዳታ ተቋም የተጀመረው ዳታ ሲል ኦፍ አፕሩቫል፣ ሌላው የወርልድ ዳታ ሲስተም ማረጋገጫ ነው። አመልካቹ ማንነቱን በሚገልጽ መነሻ ክፍል ጀምሮ 16 መስፈርቶችን ይሞላል፤ ማስረጃውን በሊንክ ያያይዛል። ከሌሎች ማከማቻዎች የተውጣጡ ሁለት ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ ቦርዱ ያጸድቃል። ማህተሙ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የማመልከቻው ክፍያ ሲጀመር 1,000 ዩሮ ነበር። ከጀርመኑ ኔስቶር ማህተምና አይሶ 16363 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከሚደረግ ኦዲት ጋር ሲተያይ የመጀመሪያው እርከን ይህ ነው፤ የመጀመሪያ ስለሆነ ቀላል ነው ብሎ የገባ ግን ወራት ይፈጅበታል።

ሜንተር ከየት ይገኛል? በአውሮፓ መንገዱ የተደላደለ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ዳታ ማከማቻዎች ኅብረት የሆነው ሴስዳ በአባላቱ ላይ ማህተሙን ግዴታ አድርጎ፣ የአባላቱን ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት የሚያነብ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሟል፤ ማህተም ያለው ማከማቻ ለሌለው ሜንተር የሚሆንበት ፕሮግራምም አለው። የቋንቋ ዳታ መረብ የሆነው ክላሪን ደግሞ ቢ ለሚላቸው ማዕከላቱ ማህተሙን ቅድመ ሁኔታ አድርጎታል። ከ2019 እስከ 2022 የቆየው ፌርስፌር የተባለ ፕሮጀክት በክፍት ጥሪ 10 ማከማቻዎችን መርጦ እስከ ማመልከቻው ድረስ ደግፏል። በካናዳ ደግሞ ፖርቴጅ የተባለው የምርምር ዳታ መረብ አመልካቾችን በአንድ ጓድ አሰባስቦ አብሮ ማስኬድን መርጦ ነበር። በ2025 የተጀመረው ፊዴሊስ የአውሮፓን ታማኝ ማከማቻዎች በአንድ መረብ ለማሰባሰብ የሚሠራ ነው።

ከነዚህ መካከል የሴስዳው ዓይነት የተሻለ ነው። ምክንያቱ ሀብት አይደለም፤ ሜንተሩና ተመካሪው አንድ ዓይነት ዳታ ስለሚይዙ ነው። የቤተሰብ ጥናት ዳታ የሚያስተናግድ ማከማቻ ስለ ተጠያቂዎች ስም መደበቅ፣ ስለ ስምምነት ቅጽ፣ ስለ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፋይል ሲጠይቅ መልሱን ወዲያው የሚያገኘው ያንኑ ሥራ ከሚሠራ ሰው ነው። የሳተላይት ምስል የሚያከማች ሜንተር ስለ ሰርቨር ጥሩ ያስተምር ይሆናል፤ ስለ ሥነ ምግባር መስፈርቱ ግን የሚለው ብዙም አይኖረውም። ከመስኩ ውጪ የሆነ ሜንተርና ለሁሉም በአንድ ላይ የሚሰጥ አጠቃላይ ስልጠና ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

ጥሩ ሜንተር ሥራውን የሚጀምረው ቅጹን በማስሞላት አይደለም። መጀመሪያ 16 ረድፍና አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ያስከፍታል፦ ምን እንሠራለን? የት ተጽፏል? ሊንኩ ለውጭ ሰው ይከፈታል? ኃላፊው ማነው? መጀመሪያ የሚሞላው ሁለተኛው ዓምድ መሆን አለበት፤ በብዙ ማከማቻ ዘንድ ባዶ የሚሆነውም እሱ ነው። ሥራው ይሠራል፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን የተጻፈ የለም። ባዶዎቹ ከተለዩ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ አንድ ሰዓት መገናኘት ይበቃል፤ በአንድ ስብሰባ ከሦስት መስፈርት በላይ ማንሳት ሁሉንም ላይ ላዩን መንካት ይሆናል።

ሜንተር ምን እንደሚጨምር ለማየት ማከማቸትና የዳታን ደኅንነት የሚመለከተውን መስፈርት እንውሰድ። የመጀመሪያው ረቂቅ ዘወትር «ዳታችን በየቀኑ ባክአፕ ይደረጋል» የሚል ነው። ልምድ ያለው ሜንተር ከዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አምስት ጥያቄ ያወጣል። ስንት ቅጂ አለ? ቅጂዎቹ በአንድ ሕንፃ ናቸው ወይስ በተለያየ ከተማ? ፋይሉ ሲገባ ቼክሰም (ፋይሉ ተለውጦ እንደሆነ የሚያሳይ የቁጥር አሻራ) ይሰላል ወይ፣ በየስንት ጊዜውስ ተመልሶ ይመረመራል? ቼክሰሙ ሳይገጥም ሲቀር ትክክለኛው ቅጂ የትኛው እንደሆነ ማን ይወስናል? ከባክአፕ መልሶ የማውጣት ሙከራ መጨረሻ የተደረገው መቼ ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ተጠይቆ የተሻሻለው መልስ «እያንዳንዱ ፋይል ሲገባ ኤስኤችኤ-256 የተባለው ቼክሰም ይሰላል፤ በየሩብ ዓመቱ ይመረመራል፤ ሦስት ቅጂ ሲኖር አንዱ ከከተማው ውጪ ነው፤ ልዩነት ሲገኝ የአሠራር መመሪያው ክፍል 4 ይፈጸማል» ወደሚል ይመጣል። ገምጋሚ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከመመሪያው ሊንክ ጋር።

ዳታን ለረጅም ዘመን ጠብቆ ስለማቆየት ዕቅድ የሚጠይቀው መስፈርት ደግሞ ብዙዎች የሚወድቁበት ነው፤ እዚህ ላይ ሜንተር ዋጋውን ያወጣል። ስህተቱ አንድ ነው፦ ባክአፕን ከጥበቃ ጋር ማምታታት። ለአማርኛ ዳታ ልዩነቱን ማሳየት ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ መጠይቆችና ጽሑፎች ዛሬ ሲከፈቱ ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ቼክሰሙም ከመጀመሪያው ቀን ጋር ይገጥማል፤ ግን የሚነበብ ነገር የለም። ባክአፕ ያንን ዝብርቅርቅ በታማኝነት ያባዛል። የጥበቃ ዕቅድ ያለው ማከማቻ ግን ፋይሉ ሲገባ ፎንቱን ይለያል፣ ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል፣ የቀየረበትን መሣሪያና ቀን ይመዘግባል፣ ዋናውንም ፋይል ሳይጥል ያቆያል። እንደገባ የሚያስቀምጥና እንዳለ የሚያወርድ ብቻ የሆነ ማከማቻ ይህን ማህተም አያገኝም፤ ሜንተሩ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልነገረ ጊዜ አባክኗል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ዳታውን የሚጠቀሙት እነማን ናቸው የሚለው ነው። «ሁሉም ተመራማሪዎች» የሚል መልስ ተመልሶ ይመጣል፤ ተጠቃሚው ካልታወቀ ዳታው ምን ያህል ማብራሪያ እንደሚያስፈልገው አይታወቅምና። አንድ የኢትዮጵያ ጥናት ፋይል ውስጥ «2011» የሚል ዓመት ቢገኝ ለአገሬው ሰው ግልጽ ነው፤ ለውጭ ተመራማሪ ግን የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ነው። «3፡00 ሰዓት» የተባለው ቃለ መጠይቅ ጧት ሦስት ሰዓት መሆኑን፣ የወር ዓምድ ውስጥ 13 ቁጥር መኖሩ የአጻጻፍ ግድፈት አለመሆኑን ሜታዳታው (ከዳታው ጋር የሚቀመጠው መግለጫ) ካልተናገረ ማን ይናገራል? በአማርኛ ዳታ ላይ ያልሠራ ሜንተር ይህን አያየውም፤ ስለዚህ ከአገር ቤት አንድ ሁለተኛ አንባቢ መጨመር ይጠቅማል።

ሜንተር የማይፈታቸው ነገሮች አሉ፤ በዚህ በኩል አገልግሎቱ ከሚገባው በላይ ይወደሳል። አንደኛው ቀጣይነት ነው። «ዩኒቨርሲቲው አይዘጋም» ማለት የቀጣይነት ዕቅድ አይደለም። የሚፈለገው ገንዘቡ ለስንት ዓመት እንደተረጋገጠ (ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢሆን ይመረጣል)፣ ማከማቻው ቢቋረጥ ዳታው ወደ ማን እንደሚዛወር፣ ከተረካቢው ጋርም የተፈረመ ነገር መኖሩን ማሳየት ነው። ፊርማው የሚመጣው ከበላይ አመራር ነው። ሜንተሩ የሌሎችን ስምምነት ናሙና ሊያሳይ ይችላል፤ ፕሬዚዳንቱን ቢሮ ድረስ ሄዶ ማስፈረም ግን የማከማቻው ኃላፊ ዕዳ ነው።

ሌላው ሰርቨሩ በራስ እጅ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው የአይሲቲ ክፍል ወይም በውጭ ድርጅት እጅ ሲሆን ነው። ማመልከቻው ስለ እነሱ ሥራም ይጠይቃል፤ በቃል የተስማሙት አይቆጠርም። የጽሑፍ ስምምነቱን ማርቀቅ ብቻውን ከሌላው ሁሉ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጀመረው እሱ ነው።

ሕግን የሚመለከተው መስፈርትም እንዲሁ። የአውሮፓ ሜንተር የሚያውቀው ጂዲፒአርን፣ የአውሮፓ ኅብረትን የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ፣ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠራ ማከማቻ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ጠቅሶ፣ አዋጁን በዕለት ሥራው እንዴት እንደሚፈጽም መጻፍ አለበት። የጂዲፒአር አንቀጾችን ከሜንተሩ ማመልከቻ ገልብጦ ማስገባት ገምጋሚውን «ይህ ማከማቻ በየትኛው ሕግ ነው የሚተዳደረው?» ወደሚል ጥያቄ ይመራዋል።

ስለ መገልበጥ ካነሳን፦ የጸደቁ ማመልከቻዎች በሙሉ ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ፤ ይህ ክፍያ የማይጠየቅበት ትልቁ የአቻ ድጋፍ ነው። ማህተሙን ካገኙ የአፍሪካ ማከማቻዎች አንዱ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዳታፈርስት ነው፤ የቤተሰብና የኢኮኖሚ ጥናት ዳታ ለሚይዝ የኢትዮጵያ ተቋም ከአውሮፓ ማከማቻዎች ይልቅ የእሱ ማመልከቻ ለሁኔታው ይቀርባል። ሲያነቡ ግን የእትሙን ዓመት ማየት ነው። መስፈርቶቹ በየሦስት ዓመቱ ይከለሳሉ፤ ቁጥራቸውም ይቀያየራል። በ2020–2022 እትም የጥበቃ ዕቅድ 10ኛው መስፈርት ነበር፤ በ2023–2025 እትም 9ኛው ሆኗል። ከዜሮ እስከ አራት የነበረው የአፈጻጸም ደረጃም ቀርቶ «በትግበራ ላይ» ወይም «ተተግብሯል» ማለት ሆኗል። አሮጌውን ናሙና ተከትሎ የተጻፈ መልስ ቦታውን ስቶ ይገኛል።

ሜንተሩ ራሱ ሊያበላሽ የሚችልበት መንገድም አለ፦ መልሱን እሱ ሲጽፈው። እንግሊዝኛው ያምራል፤ ነገር ግን ገምጋሚው ሁለተኛ ዙር ጥያቄ ሲልክ ቤቱ ውስጥ የሚመልስ ሰው አይኖርም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ መሆኑ ይህን ፈተና ያባብሰዋል። ይሁን እንጂ ማስረጃዎቹ በሌላ ቋንቋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አጭር የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ከተጨመረበት በአማርኛ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ተቀባይነት አለው። ለሠራተኛው የማይገባ እንግሊዝኛ መመሪያ ለማህተሙ ሲባል ብቻ ማዘጋጀት አያስፈልግም። ለደኅንነት ሲባል ይፋ የማይወጣ ሰነድም ለገምጋሚዎች ብቻ ሊታይ ይችላል።

ጥቃቅን መስለው የሚያዘገዩትን ሜንተሩ አስቀድሞ ቢያስለቅም ጥሩ ነው፦ በይለፍ ቃል የተዘጋ ሊንክ፣ ቀንና እትም ቁጥር የሌለው ፖሊሲ፣ ማን እንዳጸደቀው የማይታወቅ ሰነድ፣ የት ቦታ እንደሚታይ ሳይባል «ኦኤአይኤስን (ዲጂታል ሰነድን ለረጅም ዘመን ስለማቆየት የወጣውን ዓለም አቀፍ ሞዴል) እንከተላለን» የሚል ቃል። ሊንኮቹን ማመልከቻው በሚገባበት ሳምንት ከተቋሙ ውጪ ካለ ኮምፒውተር አንድ በአንድ መክፈት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ማን ይግባበት? ቢያንስ አንድ ቋሚ የዳታ ባለሙያ ያለው፣ የጽሑፍ ፖሊሲ የጀመረ፣ አመራሩ ሰነድ ለመፈረም ፈቃደኛ የሆነ ማከማቻ። ሁሉንም ነገር የሚያውቀው አንድ የኮንትራት ሠራተኛ ብቻ ከሆነ ግን ይቆይ፤ ሰውዬው ሲለቅ ምክሩም አብሮ ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ የሚያስቀምጡ የዩኒቨርሲቲ ማከማቻዎችም ለአሁኑ ሰንጠረዡን ለራሳቸው ሞልተው መጠቀም ይበቃቸዋል።

ሜንተር ከመቀበል በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ መያዝ አለበት፦ በወር ስንት ሰዓት እንደሚሰጥ፣ ያልታተሙ የውስጥ ሰነዶችን በምስጢር እንደሚይዝ፣ ሜንተሩ የኮር ትረስት ሲል ገምጋሚ ከሆነም ይህን ማመልከቻ እንደማይገመግም። ከሦስት ዓመት በኋላ ለእድሳት ሲደረስ የቀድሞውን ሜንተር መልሶ ከመጥራት አዲስ አንባቢ መፈለግ ይሻላል፤ የቀድሞው መመሪያው ውስጥ የሌለውንም ከትውስታው እየሞላ ያነበዋል።