ዌብሳይት ልታሠሩ ነው? በስልክ ሳትከፍቱት እንዳትከፍሉ

ሰላም ወገኖች። ይህን የምጽፈው አነስተኛ ንግድ ይዛችሁ ዌብሳይት ለማሠራት ብር ላጠራቀማችሁ ነው። እኔና እህቴ የሐበሻ ልብስ እንሸጣለን። ሽሮ ሜዳ ካሉ ሸማኔዎች ተረክበን፣ አሰፍተን፣ እዚህም ውጭም ላለ ደንበኛ እንልካለን። ዌብሳይት ከሚሠራ አንድ ልጅ ጋር በ85 ሺህ ብር ተስማማን። 60 ሺውን በቀብድ ከፈልን። ቀሪውን ልጁ "አለቀ" ብሎ በላፕቶፑ ባሳየን ቀን ሰጠነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ትዕዛዝ አልደረሰንም።

ልጁ ሰነፍ ነው አልልም። እኛን ያሳሳተን ይሄው ነው። አምስት ሳምንት በወርቃማ ቀለም ላይ ብቻ ተነጋግረናል። ሦስት ዓይነት ወርቃማ እየላከ "የቱ ይሻላል?" ይለን ነበር። ሎጎውን ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አድርጎ እኩለ ሌሊት ላይ ስክሪንሾት ይልካል። "እህቴ፣ እኔ ፐርፌክሽኒስት ነኝ፤ አንድ ፒክስል ከተዛባ እንቅልፍ አይወስደኝም" ይለኛል። እኔም ጥንቁቅ ሰው አገኘን ብዬ ለማውቀው ሁሉ አወራሁለት።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ነበር። ሲያሳየን የከረመው ዌብሳይት ሳይሆን ፊግማ በሚባል የዲዛይን መሥሪያ ላይ የተሣለ ሥዕል ነው። ሥዕል በአንድ ስክሪን ልክ ይሣላል፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ዌብሳይት ግን በእያንዳንዱ ሰው ስልክ ላይ እንደ አዲስ ነው የሚገጣጠመው፤ በስልኩ ስፋት፣ በስልኩ ፊደል፣ ባለው ኮኔክሽን። ያ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የነገረችን ሪያድ ያለች ደንበኛችን ናት። በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። "እህቴ፣ ቀሚሱን መርጬ ላዝዝ ስል ዚፕ ኮድ አስገቢ ይለኛል። ከሥሩ ደግሞ ስቴት ምረጪ ይላል። ቴክሳስ፣ ኦሃዮ... ሪያድ ግን የለም።" ከፍቼ አየሁት። ልጁ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴምፕሌት (አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የዌብሳይት ቅርጽ) ገዝቶ ቅጹን እንዳለ ትቶታል። በ+251 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ሳስገባ "የተሳሳተ ቁጥር" አለኝ። ዚፕ ኮድ የአሜሪካ የፖስታ ቁጥር ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው ከየት ያመጣል?

ቅጹ የሚሠራላቸው አሜሪካ ያሉት ብቻ ነበሩ። እነሱም አዝዘው ነበር፤ አራት ሰዎች። ትዕዛዛቸው ግን የገባው ልጁ ለሙከራ ብሎ ባስቀመጠው በራሱ ኢሜይል ነው። አንዷ ልብሱን የፈለገችው ለወንድሟ ሠርግ ነበር። እኛ ያወቅነው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። ደውዬ ይቅርታ ስጠይቃት የምለው ጠፋኝ።

አማርኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። በማሽን ተተርጉሞ ነው የገባው። ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመልሰው ቁልፍ "ቤት" ይላል። የመግዣው ቁልፍ "ጋሪ ላይ ጨምር" ይላል። እናቴ ብታየው ጋሪው የፈረስ ነው የሚመስላት። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት ኮለን ተደርድሯል፤ ከፊቱም ክፍት ቦታ አለ። በስልክ ሲከፈት ነጥቡ ብቻውን ወደ ታች መስመር ይወርዳል። ፊደላችን ከነአራት ነጥቡ ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ላይ ለዚህ ምንም ሰበብ የለም።

ፎንቱም፣ ማለትም የፊደሉ መልክ፣ እንደዚያው። ልጁ የመረጠው ቆንጆ ፎንት ያለው የእሱ ላፕቶፕ ላይ ነው። ከዌብሳይቱ ጋር አብሮ ስላልተጫነ የደንበኛው ስልክ ያገኘውን ፊደል ያወጣል። ደማቅ ዓይነት ከሌለው ደግሞ ብራውዘሩ በራሱ ያወፍረዋል። በትንሽ መጠን ሲሆን የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። እኔ ስልክ ላይ ፀ እና ዐ መለየት አቅቶኝ ነበር። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ፣ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሁሉም ዓይነት ያለው ፎንት በነፃ ይገኛል። ዋጋው ደግሞ ነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ ነው የተጻፈው። ዓለም አቀፉ የድረ-ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በጽሑፉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብሩህነት ልዩነት ይጠይቃል። የኛ ዋጋ ፀሐይ ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው የለም ማለት ይቀላል።

ጥበብ የሚሠሩልን አንድ አባባ አሉ። ሠርተው ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚያዩት የጨርቁን ጀርባ ነው። አገላብጠው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል። ክር የዘለለበት ካለ እዚያው ይፈቱታል፤ ከፊት ለፊት ባይታይም። የእሳቸው ሥራ ዌብሳይቱ ላይ በስልክ ሲከፈት ወደ ጎን ተለጥጦ የመስቀሉ ክንድ ረዝሟል። የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ አይተው "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" አሉኝ። ከጠፋው ብር በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው።

ፎቶዎቹ እንዲያውም እስኪከፈቱ የሚጠብቅ ከተገኘ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ 12 ፎቶ አለ። ከካሜራ እንደወጣ፣ እያንዳንዱ 6 ሜጋባይት። አንድ ደንበኛ ገጹን አንድ ጊዜ ለማየት 72 ሜጋባይት ዳታ ይበላበታል። ተስተካክለው ቢሆን ሁሉም ተደምረው 3 ሜጋባይት አይሞሉም ነበር።

ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ በልጁ ስም ነው የተመዘገበው። ነጥብ ኮም በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር አካባቢ የሚከፈልበት ነገር ነው። ወደ ስማችን እንዲያዛውር ስንጠይቀው 30 ሺህ ብር ጨምሩ አለን። አልከፈልንም።

አሁን ሌላ ዲዛይነር ይዘናል። መጀመሪያ የጠየቀችን "ደንበኞቻችሁ በምን ስልክ ነው የሚከፍቱት?" ብላ ነው። ስለ ቀለም ያወራነው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ርካሽ አንድሮይድ ስልክ ይዛ መጥታ፣ ዋይፋዩን አጥፍታ፣ እህቴን "አንቺ እዘዢ" አለቻት። እህቴ የተደናገረችበትን ቦታ ሁሉ ዲዛይነሯ ወረቀት ላይ ጻፈች። እህቴን ግን አልረዳቻትም፤ ዝም ብላ ነው የምታየው። ብዙ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የመጨረሻው ክፍያ ቢያንስ ግማሽ ይሁን። የሚከፈለው እናንተ በራሳችሁ ስልክ፣ በዳታ፣ አንድ ትዕዛዝ ሞልታችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ ስታገኙት እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ዶሜይኑን በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ራሳችሁ ግዙ፤ የይለፍ ቃሉም እናንተ ጋ ይሁን። አማርኛውን አንባቢ የሆነ ሰው ከላይ እስከ ታች፣ ቁልፎቹን ጨምሮ፣ ያንብበው። የጉግል ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ በነፃ ነው። አድራሻውን ስታስገቡለት ገጹ የት ላይ እንደከበደ ይነግራችኋል። ዲዛይነሩ "ገና ነው፣ ትንሽ ላሳምረው" እያለ ወራት ከቆጠረ፣ ያለቀውን ያህል በስልክ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የድሮው ዌብሳይት እስካሁን ክፍት ነው፤ እኛ ልንዘጋው አንችልም። ፎቶዎቻችን እዚያው አሉ። ዚፕ ኮድ የሚጠይቅ ቅጽ ያለበት ገጽ ላይ የኛን ቀሚሶች ካያችሁ እባካችሁ አትዘዙ። ትዕዛዙ ወደ እኛ አይመጣም፤ ስልካችሁና አድራሻችሁም የማናዝበት ኢሜይል ውስጥ ነው የሚገባው።