ለኤሊ የገዛሁት ዝርግ የውሃ ሳህን

ላስ ቬጋስ ውስጥ ኤሊ የምታሳድጉ ሁሉ፣ ይህን ዝርግ የሸክላ ሳህን ግዙ። ጠርዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ የኔዋ ሱልካታ (ትልቅ የአፍሪካ የየብስ ኤሊ) ራሷ ትገባና አንገቷን ዘርግታ እስኪበቃት ትጠጣለች። በዚህ የበረሃ ሙቀት ውሃ ሲያጥራት ከሽንቷ ጋር የሚወጣው ነጭ ዝቃጭ ይጠጥርና ፊኛዋ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋዩ ከተለቀ ደግሞ ኦፕራሲዮን ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። አሁን ዝቃጩ እንደ ጥርስ ሳሙና ለስላሳ ነው። ሻካራ ከሆነ ቶሎ ሐኪም ማሳየት ነው።

ቅር ያለኝ የሳህኑ ውስጥ ማንሸራተቱ ነው፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገባሁበት። ውሃው ውስጥ ስለምትጸዳዳ በየቀኑ ይታጠብ። ሻጩ የጨመረልኝን ደረቅ መኖ በውሃ ሳልነክር አልሰጣትም። ዋናው ምግቧ ሣርና እሾሁ የተነሳለት የበለስ ቁልቋል ነው፤ የውሻ ምግብ ግን በፍጹም!