ግሬዚንግ መዝል፦ ለወፈረ ፈረስ የሚደረገው የአፍ መከለያ፣ ሪቪው ከነማለማመጃው

ውጤቱን ቀድሜ ልናገር፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን ኮከብ ያስቀነሰው ፈረሱ አይደለም፣ እቃውም ራሱ አይደለም፣ ከእቃው ጋር ታሽጎ የሚመጣው ወረቀት ነው። ማሰሪያው የት ጋ እንደሚገባ በስዕል ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፣ ፈረሱን እንዴት እንደምታለማምዱት ግን አንድ መስመር እንኳን የለውም። ይሄ እቃ ደግሞ ግማሽ ስራው እዛ ላይ ነው ያለው፣ ጥሩ መከለያ ገዝታችሁ ባንዴ አጥልቃችሁለት ብትለቁት ወይ አውልቆ ይጥለዋል፣ ወይ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ይውላል፣ ከዛ "አይሰራም" ተብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አብዛኛው መጥፎ ሪቪው የሚመጣው ከዚ ይመስለኛል።

ላላያችሁት፣ ነገሩ አፍና አፍንጫ ላይ የሚጠልቅ ቅርጫት ነገር ነው፣ ከታች ቀዳዳ አለው፣ ፈረሱ አጎንብሶ ሲጋጥ በቀዳዳው የሚገባለትን ሳር ብቻ ጫፍ ጫፉን ይነጫል። መተንፈስ ይችላል፣ ውሃም ይጠጣል፣ መሄድ መሮጥ ከጓደኞቹ ጋር መዋል ይችላል፣ የማይችለው አፉን ሞልቶ መጉረስ ብቻ ነው።

ለምን ያስፈልጋል ለሚለው፣ ወፍራም ፈረስ ወይም ፖኒ (ቁመቱ አጠር ያለ የፈረስ አይነት) ያለው ሰው ያውቀዋል። ጋማው ስር ያለው የአንገት ስብ ሲጠነክር፣ ጎድን አጥንቱ በእጅ ተዳሶ እንኳን ሲጠፋ፣ ቬቱ፣ ማለትም የእንስሳት ሐኪሙ፣ ስለ ኢንሱሊን ማውራት ሲጀምር፣ ቀጥሎ የሚመጣው ላሚናይተስ ነው፣ ማለትም ሰኮናው ውስጥ አጥንቱን ከሰኮናው ግድግዳ ጋር ያያያዘው ስጋ ይቆጣና ፈረሱ መራመድ ያቅተዋል፣ ሲብስ አጥንቱ ራሱ ቦታውን ይለቃል። ለምለም ሳር ውስጥ ያለው ስኳር ነው ዋናው ጠላት። ሰው የማያምነኝ የሚበሉበትን ፍጥነት ስናገር ነው፣ በጥናት የታየ ነገር ነው፣ ፖኒ መስክ ላይ ለ3 ሰዓት ብቻ ቢለቀቅ ከክብደቱ 1 በመቶ የሚጠጋ ደረቅ ይዘት (የሳሩ ውሃ ሳይቆጠር) ሊበላ ይችላል። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፖኒ ወደ 2 ኪሎ ነው፣ ትኩስ ሳር አብዛኛው ውሃ ስለሆነ በትኩሱ ቢመዘን ከ8 ኪሎ አያንስም። እንዲቀንስ ለሚፈለግ እንስሳ በቀን የሚመከረው ደግሞ ከክብደቱ 1.5 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚ "ትንሽ ሰዓት ብቻ ልልቀቀው" የሚለው ዘዴ ብዙም አያዋጣም፣ ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ፈጥነው መብላት ይለምዳሉ።

ጋጣ ውስጥ ዘግቶ ማስራብ የሚሉም አሉ፣ እሱን ተዉት። የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ማምረቱን አያቆምም፣ ባዶ ሲሆን ይቆስላል፣ በተለይ ወፍራም ፖኒና አህያ ባንዴ ምግብ ሲቋረጥባቸው ደማቸው በስብ ተሞልቶ ሊሞቱ ይችላሉ። ሳይራብ ግን ቀስ ብሎ እንዲበላ ማድረግ ነው የሚፈለገው፣ መከለያው የሚሰራው ይሄንን ነው።

እሺ ወደ እቃው። ሁለት አይነቱን ሞክሬያለሁ፣ ብራንድ አልጠራም። አንደኛው የድሮው አይነት፣ ከናይለን ጠፍር የተሰፋ ባልዲ የሚመስል፣ ታቹ ወፍራም ጎማ ሆኖ መሀሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ነው። ጠንካራ ነው፣ አይሰበርም፣ ግን በሙቀት ጊዜ ውስጡ ይታፈናል፣ ላብና ምራቅ ይዞ ናይለኑ ይደርቅና አገጩን ይፈገፍገዋል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ይከብድና ወደታች ይጎትታል። ሁለተኛው ከፕላስቲክ የተሰራ፣ ዙሪያውን ክፍት ክፍት ያለ ታቹ ረዣዥም ክፍተት ያለው ነው። አየር ይገባዋል፣ በውሃ ለቅለቅ ሲደረግ ይጸዳል፣ ከሁሉም በላይ ፈረሱ በፊቱ ያለውን ያያል ያሸታል፣ ለመላመድ በጣም ነው የሚቀለው። 4 ኮከቡ የዚህኛው ነው፣ የናይለኑ ለብቻው ቢሆን 2 ተኩል ብሰጠው ነው። የፕላስቲኩ ጉድለት ጠርዙ ነው፣ አፍንጫ አጥንት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ለስላሳ ነገር ካልተደረገበት ጸጉሩን ይልጠዋል፣ እኔ የበግ ቆዳ የመሰለውን ጨርቅ ጠቅልዬበት ነው የተረፈው፣ አምራቾቹ አብረው ቢሸጡት ምን ነበረበት።

ልኩ ላይ አትቸኩሉ። ልክ እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ያልቆነጠጠ መንገድ ላይ ይልጣል። በከንፈሩና በቅርጫቱ ታች መሀል ቆሞ ሲታይ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ክፍተት መኖር አለበት፣ በጎንና አፍንጫው ላይ ሁለት ጣት ይግባ፣ አፍንጫው ቀዳዳ ላይ ምንም ነገር እንዳይነካ፣ የላይኛው ጠርዝ ጉንጭ አጥንቱ ስር እንዳይፈትግ። አጎንብሶ ሲግጥ ነው እውነተኛው ልክ የሚታየው፣ ቀና ብሎ ሲቆም ልክ የሆነው ሲያጎነብስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከንፈሩ ስር ሊገባ ይችላል፣ ስለዚ አንድ ካሮት መሬት ላይ ጥላችሁ ሲያጎነብስ እዩት። ሌላው፣ ሀልተሩ (መከለያውን የሚይዘው የጭንቅላት ማሰሪያ) የሆነ ነገር ላይ ሲያዝ የሚበጠስ ወይም የሚላቀቅ ክፍል ያለው መሆን አለበት፣ በዚ ላይ ድርድር የለም፣ አጥር ላይ ተይዞ ሲታገል አንገቱን ከሚሰብር መከለያው ቢጠፋ ይሻላል። ቬልክሮ ያለው ጥሩ ነው ግን ብልጥ ፈረስ ቬልክሮውን ቶሎ ነው የሚያውቀው፣ ጭንቅላቱን ጓደኛው ጎን ላይ ፈትጎ ያላቅቀዋል። የጆሮ ማሰሪያው ላይ ጋማውን በአንድ ጉንጉን አስገብቶ መጎንጎን የሚባል ዘዴ አለ፣ ለዚ አይነቱ ይረዳል።

አሁን ወደ ማለማመዱ። የኔ ዳማ በተፈጥሮው ተጠራጣሪ ነው፣ አዲስ ባልዲ ካየ እንኳን ፉር ፉር እያለ ሩብ ሰዓት ይዞራል፣ ስለዚ መስኩ ላይ አልጀመርኩም፣ ጋጣው ውስጥ ነው የጀመርኩት፣ ሳርም በአካባቢው በሌለበት። መጀመሪያ እቃውን በእጄ ይዤ እንዲያሸተው ብቻ፣ ከዛ ቅርጫቱ ውስጥ ትንሽ ካሮት ጣል እያደረግኩ አፍንጫውን ራሱ እንዲያስገባ። ይሄ ቁልፉ ነው፣ ቅርጫቱ ወደሱ መምጣት የለበትም፣ እሱ ነው ወደ ቅርጫቱ መምጣት ያለበት። ሳታስሩት በርካታ ጊዜ አስገብቶ ያውጣ፣ ሲያወጣ አትከልክሉት፣ እንደሚወጣ ሲያውቅ ነው የሚረጋጋው። በራሱ ፈልጎ አፍንጫውን መክተት ሲጀምር ያን ጊዜ ከላይ ማሰር፣ ለ5 ለ10 ደቂቃ፣ ከዛ ረጋ ባለበት ሰዓት ማውለቅ። እየጎደፈረና እየፈተገ እያለ ባወለቃችሁለት ቁጥር መጎድፈር ያስወልቃል ብሎ ነው የሚማረው፣ ስለዚ ትንሽ ቆም እስኪል ጠብቁት። የምር ከደነገጠ ግን፣ ማለቴ አይኑ ፈጦ ላብ ካሰመጠውና ወደኋላ እየተንደረደረ ከሆነ፣ ያ ትምህርት አይደለም፣ አውልቁና ወደኋላ አንድ ደረጃ ተመለሱ።

ቀጥሎ ሰው የሚዘለው ደረጃ አለ፣ በቀዳዳው መብላትን ማስተማር። ፈረሱ መከለያውን ስለለመደ ብቻ በሱ መብላት ይችላል ማለት አይደለም፣ አጎንብሶ ሳሩን ሲነካው ቅርጫቱ ሳሩን ደፍጥጦ ይተኛበታል፣ ምንም አያገኝም፣ ተናዶ ይተወዋል። ስለዚ ረጅም ሳር በእጅ ነቅላችሁ በቀዳዳው ከታች እየሰካችሁ አጉርሱት፣ ጫፉን ሲነክስ ቀስ ብላችሁ ያዝ አድርጉለት ጎትቶ እንዲበጥስ። ከዛ እጃችሁን ቀስ በቀስ ወደ መሬት ዝቅ እያደረጋችሁ በመጨረሻ ከቆመው ሳር ጋር ማገናኘት ነው። ዳማው የገባው ሰዓት ያስታውቅ ነበር፣ ጆሮው ወደፊት ቀጥ አለና አንገቱን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ የሳሩን ጫፍ ወደ ክፍተቱ ማስገባት ጀመረ፣ ከዛ በኋላ እኔን ረሳኝ።

መስክ ላይ ሲወጣም ለመጀመሪያ ጊዜ ትታችሁት አትሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ውሃ ሲጠጣ በአይናችሁ እስክታዩ ድረስ ረጅም ሰዓት አትተዉት። ውሃው ሰፊ ገንዳ ውስጥ ከሆነ ችግር የለም፣ በአፍንጫ ተገፍቶ ውሃ የሚለቅ ትንሽ አውቶማቲክ መጠጫ ከሆነ ግን ቅርጫቱ ላያስገባው ይችላል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስብም። ከ1 ሰዓት ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ መሄድ፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢፈጅ ፈጀ ነው።

የሳሩ ቁመት ደግሞ ሁሉንም ያበላሻል ወይ ያስተካክላል። በጣም አጭር ከሆነ በቀዳዳው አይደርስለትም፣ በጣም ረጅም ከሆነ ደግሞ ይጎነበሳል እንጂ ወደ ቀዳዳው አይገባም። ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቆም ያለ ሳር ነው ለጀማሪ የሚመቸው። የተጋጠ ምላጭ የሆነ መስክ ላይ መከለያ አድርጎ መልቀቅ ያው ማስራብ ነው።

ጓደኞቹንም እዩ። አንዱ ብቻ መከለያ ታስሮበት ሌሎቹ እፊቱ አፋቸውን ሞልተው ሲግጡ መጀመሪያ አካባቢ ይበሳጫል፣ ሁለት ወፍራሞች ካሉ አብረው ቢለማመዱ ይሻላል። እርስ በርስ ጋማ መነካከሱም ይቀርበታል፣ ለነሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስለዚ ሲወልቅለት ከጓደኛው ጋር የሚሆንበት ሰዓት ስጡት።

የሰው ነገር ደሞ አለ። ያላወቀ ሰው ሲያየው "ምነው ይሄን እንስሳ አፉን አሰራችሁት" ማለቱ አይቀርም፣ "የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር" ብሎ ጥቅስ የሚያመጣም አለ። ኧረ በሬው እኮ እየሰራ ነው የተባለለት፣ የኛ ጌታ ከመብላት ውጪ ምን ስራ አለው።

ይሰራል ወይ ለሚለው ይሰራል፣ ግን ቁጥሩ ሰፊ ነው። የፈረስ አመጋገብ ተመራማሪዋ አኔት ሎንግላንድና ባልደረቦቿ በፖኒዎች ላይ በሰሩት ስራ የሚበላው ሳር ወደ 80 በመቶ ገደማ ቀንሷል፣ የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በትላልቅ ፈረሶች ላይ ያገኙት ግን 30 በመቶ አካባቢ ነው። የሳሩ አይነት፣ ቁመቱ፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የፈረሱ ብልጠት ሁሉ ይለዋውጠዋል። ስለዚ አደረግኩለት ብላችሁ አትዝናኑ፣ በሜትር ደረቱን ዙሪያ በየሁለት ሳምንቱ ለኩት፣ በእጃችሁም ጎድኑን ዳሱ፣ ሄኔክ የሚባል ተመራማሪ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚሄደው የሰውነት ሁኔታ ነጥብ አለ፣ 5 አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ 7 እና ከዛ በላይ ከሆነ ወፍሯል። ባንዴ ብዙ ከቀነሰ ደግሞ ከሳሩ በቂ እያገኘ አይደለም ማለት ነው።

24 ሰዓት የሚደረግ እቃም አይደለም። የተለመደው ምክር በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት እንዳያልፍ ነው፣ በቀረው ሰዓት ወልቆለት ስኳሩ ዝቅተኛ የሆነ ድርቆሽ ቢያገኝ ጥሩ ነው። አውልቃችሁ እዛው ለምለም መስክ ላይ ከለቀቃችሁት ግን በቃ ቀኑን ሙሉ የቀረበትን ያካክሳል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ስኳሩ ፀሀይ ስትመታው ቆይቶ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ላይ ነው የሚበዛው፣ ጠዋት ይሻላል፣ ሌሊቱን ውርጭ ከጣለ ግን ጠዋትም አደገኛ ነው።

በየቀኑ ስታወልቁ አገጩን፣ ጉንጩን፣ ከጆሮው ኋላ ያለውን ቦታ በእጃችሁ ዳሱ፣ ጸጉር የሳሳበት ካለ ለቀናት አሳርፉት። የፊት ጥርሱንም አልፎ አልፎ ከንፈሩን ገልጣችሁ እዩ፣ ቅርጫቱን የሚያኝክ ፈረስ ጥርሱን ይበላዋል።

ማን አይግዛው? ላሚናይተስ አሁን የያዘው ፈረስ ያለው ሰው አይግዛው፣ ያ ፈረስ ከሳር ጨርሶ ወጥቶ ቬት ነው የሚያስፈልገው፣ በመከለያ አይታለፍም። በቀን አንዴ እንኳን ሄዶ ማየት የማይችል ሰውም አይግዛው። ለሌላው የፕላስቲኩን ግዙ፣ ከተቻለ ሁለት ግዙ፣ አንዱ መስክ ውስጥ ጠፍቶ እስኪገኝ ፈረሱ በነጻ እየጋጠ አይጠብቃችሁም፣ ቀለሙም ደማቅ ይሁን፣ አረንጓዴ የሰራው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አላውቅም።