ሠላሳ-ሠላሳ ወይስ .357? ጥይቱን በቤቱ ለሚሞላ የዒላማ ተኳሽ

ከምላጩ ሥር ያለውን ማጉረሻ ወደ ታች ገፍቶ ወደ ላይ በመመለስ የሚተኮሰውን፣ አሜሪካኖች «ሌቨር አክሽን» የሚሉትን ጠመንጃ ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚከራከረው በስም ነው፦ ማርሊን፣ ዊንቸስተር ወይስ ሄንሪ? ጥይት ከመደብር ለሚገዛ ሰው ክርክሩ ያስኬዳል። ቀለሁን ከመሬት ለቅሞ ማታ በቤቱ እንደገና ለሚሞላ ግን የጥይቱ ዓይነት ይቀድማል፤ ከጠመንጃው ይልቅ ከመጭመቂያውና ከባሩዱ ሚዛን ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ይበዛልና። እዚህ የማወዳድረው በአሜሪካ የተኩስ ሜዳዎች የተለመዱትን .30-30 ዊንቸስተርን (ሠላሳ-ሠላሳን) እና .357 ማግነምን ነው። ሁለቱም አሉኝ።

ሠላሳ-ሠላሳ ከ1895 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው። የወጣው ጆን ብራውኒንግ ለነደፈው የዊንቸስተር ሞዴል 1894 ሲሆን፣ 150 ግሬን (10 ግራም ገደማ) የሚመዝነው አረሩ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከብረት በተቆረጡ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የተርኪና የበግ ምስሎች ላይ እስከ 200 ሜትር በሚደርስ ርቀት የሚካሄደውን የሌቨር ጠመንጃ ውድድር ያሰበ ሰው ይህን ይያዝ፤ እዚያ ጫፍ የቆመውን በግ መምታት ብቻ ሳይሆን ከመቆሚያው መጣል አለበት።

.357 ደግሞ በ1935 ለሽጉጥ የወጣ ነው። በረጅም አፈሙዝ ፍጥነቱ በጣም ቢጨምርም፣ 100 ሜትርን ካለፈ አረሩ ቁልቁል መውረድ ያበዛል። በምትኩ ጠመንጃው ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል የሚያጥረውን .38 ስፔሻል የተባለ ጥይትም ይጎርሳል። .38 ሲተኮስ ሰደፉ ትከሻን መንካቱ እንኳ እምብዛም አይታወቅም፤ ከሰዓቱን ሙሉ 100 ጥይት ተኩሶ ሳይታሹ ቤት መግባት ይቻላል። በሠላሳ-ሠላሳ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ 40 የተኮስኩ ዕለት ግን በማግስቱ ኮት ስለብስ ትዝ ይለኛል። የምትሄዱበት ሜዳ 100 ሜትር ላይ የሚያልቅ ከሆነ በእኔ አስተያየት ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ .357 ግዙ።

አሁን ወደ ሥራው ጠረጴዛ እንምጣ። የ.357 ቀለህ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው። ቅርጹን የሚመልሰው ዳይ (መጭመቂያው ላይ የሚገጠመው የብረት ቅርጽ ማውጫ) ካርባይድ የሚባለው ጠንካራ ብረት የገባበት ከሆነ ቅባት አይፈልግም፤ ቀለሁን ማስገባት፣ እጀታውን መሳብ፣ ማውጣት ብቻ ነው። ሠላሳ-ሠላሳ ግን አንገቱ እንደ ጠርሙስ የጠበበ ስለሆነ ሳይቀባ ዳይ ውስጥ አይገባም፤ ቅባቱም ኋላ መጠረግ አለበት። በመጀመሪያው ዓመት አንዱን ረስቼ ሳልቀባ አስገባሁት። እጀታው መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ ስስበው የቀለሁ ጠርዝ ተቀደደና ቀለሁ እንደ ቡሽ ተወትፎ ቀረ። በመሰርሰሪያ በስቼ፣ ጥርስ አውጥቼለት፣ በብሎን ጎትቼ እስካወጣው እሑዴ አለቀ፤ ዳዩም ውስጡ ተቧጭሮ ነበር።

የሠላሳ-ሠላሳ ቀለህ በተተኮሰና ቅርጹ በተመለሰ ቁጥር ይረዝማል። 51.8 ሚሊ ሜትር ካለፈ መቆረጥ ስላለበት ካሊፐር (የርዝመት መለኪያ) እና መቁረጫ ወጪው ላይ ይጨመራሉ። አንገቱም ስስ ነው፤ አረሩ ትንሽ ጠመም ብሎ ከገባ ይጨማደዳል። በባሩድም ቢሆን .38 ቆጣቢ ነው። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ነው፤ ሠላሳ-ሠላሳ በአንድ ጥይት 30 ግሬን አካባቢ ሲወስድ፣ ለዒላማ የሚሞላ .38 አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ግሬን አይበልጥም። አንዱ ባለ ፓውንድ ጣሳ ለዚያ 230 ያህል፣ ለዚህ ደግሞ 1,400 ጥይት ይሞላል ማለት ነው። ትክክለኛው ልክ የባሩዱ ወይም የአረሩ አምራች ካሳተመው ሠንጠረዥ እንጂ ከጓደኛ አፍ አይወሰድም።

ቁጠባው ግን አደጋ አለው። አራት ግሬን ባሩድ በ.38 ቀለህ ውስጥ ከታች ጭል ብሎ ነው የሚታየው። ሐሳባችሁ ተሰርቆ ሁለተኛ ብትጨምሩበት አይፈስም፤ አረሩ ከተከደነበት በኋላም ከውጭ የሚታይ ምልክት የለውም። ሲተኮስ ግን ጠመንጃ ሊሰነጥቅ ይችላል። በሠላሳ-ሠላሳ ሁለተኛው ልክ ጠረጴዛው ላይ ይደፋና ያነቃችኋል። እኔ የ.38 ቀለሆችን 50 ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ አቁሜ፣ አረር ከመክተቴ በፊት በባትሪ አንድ በአንድ ቁልቁል አያቸዋለሁ። ይህን አሰልቺ ሥራ የማይችል ሰው የሠላሳ-ሠላሳን ቅባት ቢታገሥ ይሻለዋል።

ካዝናው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው። ከአፈሙዙ ሥር የተጋደመው ቱቦ ጥይቶቹን በሰልፍ ስለሚደረድር የኋለኛው አረር ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መለኮሻ ይነካል። ስለዚህ ሹል አረር ክልክል ነው፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ወይም የጥይት አምራቹ ሆርናዲ ለሌቨር እንደሚሠራው ጫፉ ከለስላሳ ፕላስቲክ የሆነ ይሁን። የቀለሁ ከንፈርም በአረሩ ወገብ ዙሪያ ባለው ቦይ ላይ ካልተቆነጠጠ፣ የካዝናው ስፕሪንግ አረሩን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። አንዳንድ የ.357 ጠመንጃ ደግሞ አጭሩን .38 ሲያጎርስ ያንቀዋል፤ ብዙ ከመሙላታችሁ በፊት አሥር ያህል ሞልታችሁ ሞክሩ።

ስለ ስሞቹ በአጭሩ፦ ለሠላሳ-ሠላሳ ማርሊን 336 ቀለሁን በጎን ስለሚተፋ ቴሌስኮፕ ለመግጠም ይመቻል። ማርሊንን በ2020 ሩገር የተባለው የጠመንጃ ኩባንያ ገዝቶታል። ዊንቸስተር 94ን (ያንኑ ሞዴል 1894) አሁን ጃፓን ውስጥ ሚሮኩ የተባለ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ የድሮዎቹ ቀለሁን ሽቅብ ስለሚወረውሩ ቴሌስኮፕ መሐል ላይ አይቀመጥባቸውም፣ አንዳንዴም ትኩሱ ቀለህ ኮፍያችሁ ላይ ያርፋል። ለ.357 ማርሊን 1894፣ ሄንሪ ቢግ ቦይና የብራዚሉ ሮሲ አሉ፤ በዋጋ ብዙ ጊዜ የሚቀለው ሮሲ ነው።

አሜሪካ ላለ ሐበሻ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፎርም 4473 የተባለውን የጠመንጃ መግዣ ቅጽ ሞልቶ የኋላ ታሪክ ማጣሪያውን ካለፈ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ግን እንደ አደን ፈቃድ ያለ ልዩ ሁኔታ ከሌለው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። የየስቴቱ ሕግ ከዚህ ሊጠብቅ ስለሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለ200 ሜትሩ በግ ብላችሁ ሠላሳ-ሠላሳን ከመረጣችሁ ዳዩን፣ መቁረጫውንና ቅባቱን በአንድ ቀን ግዙ። እኔ ሁለተኛ ዳይ ገዝቻለሁ።